ከበሩ ጀርባ የሆነውን ማን አየ?

ከደሴ ወደ ወልድያ በመኪና የሄደ ሰው ውርጌሳን ሳያያት አይቀርም። ሐይቅን፣ ከዚያም ውጫሌን አልፈን፣ መርሳ ከመድረሳችን በፊት የምናገኛት የሀብሩ ወረዳ ከተማ ናት። አብዛኞቻችን የምናውቃት ከአውቶቡስ መስኮት ነው። የታሪክ መጽሐፎቻችንም ከእኛ ብዙ አይሻሉም፤ የሚቆሙት ጎረቤቷ ውጫሌ ላይ ነው። በሚያዝያ 1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ በአማርኛ አንድ ነገር፣ በጣሊያንኛ ሌላ ነገር ማለቱን፣ ጣጣውም ዐድዋ ድረስ መዝለቁን ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ ተምረናል።

ዛሬ ግን ሁለት ንባብ ስላለው ሌላ ሰነድ እናውራ። ሰነዱ የልጅ ገላ ነው።

እንዲህ እንበል። (ሰዎቹ የእኛ ፈጠራ ናቸው፤ ጥያቄው ግን የእውነት ነው።) አንዲት እናት የስምንት ወር ልጇን አዝላ ከአንዱ የሀብሩ ገጠር ቀበሌ ውርጌሳ ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ ትመጣለች። የልጁ ጭን አብጧል።

«ምን ሆኖ ነው እናቴ?» ይላል ጤና መኮንኑ።

«ከመደብ ላይ ወደቀብኝ።»

«መቼ?»

«ከትናንት ወዲያ።»

ለኤክስሬይ ወደ ሆስፒታል ይጻፍላታል። ፊልሙ ሲነሳ የጭኑ አጥንት ተሰብሯል። አሁን ጥያቄው ይመጣል፤ ወድቆ ነው ወይስ ተመቶ? ተመቶ ከሆነስ ማን መታው? እናት? አባት? የእንጀራ አባት? ልጁን እንድትይዝ የመጣች የዘመድ ልጅ? ያየ ሰው የለም። የተጎዳው ራሱ ገና አፍ አልፈታም። ቤቱ ዝም ብሏል። ዳኛው ግን ዝም ማለት አይችልም።

ዳኛው ተሳስቶ «ወድቆ ነው» ቢል ልጁ ወደዚያው ቤት ተመልሶ በሚቀጥለው ጊዜ በቃሬዛ ሊመጣ ይችላል። ተሳስቶ «ተመቶ ነው» ቢል ደግሞ ምንም ያላጠፋች እናት ጡት የሚጠባ ልጇን ትነጠቃለች። ከሁለቱ ስህተቶች የትኛው ይቀላል? እኛ ቶሎ መልስ ያለው ሰው አላጋጠመንም። ስለዚህ ወደ ኋላ ሄደን፣ ሰው ያላየው ነገር በአገራችን እንዴት ይረጋገጥ እንደነበር ለማየት ሞከርን።

ሌባሻይ፣ አውጫጭኝና መሐላ

አባቶቻችን ያልታየ ወንጀል ሲያጋጥማቸው እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። አንዱ መንገድ አውጫጭኝ ነበር። የአካባቢው ሰው በሙሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ ጥፋተኛው እስኪገኝ ወደ ቤቱም ወደ እርሻውም አይሄድም። ስሙ እንዲገለጽ የማይፈልግ ጠቋሚ «ወፍ» ይባል ነበር። ዛሬ በምስጢር ጥቆማ የምንለው ነገር አያቱ ይኼ ነው።

ሁለተኛው ሌባሻይ ነው። ያልደረሰ ወንድ ልጅ መድኃኒት ይጠጣና ራሱን እንደ ሳተ ይለቀቃል፤ እየተንገዳገደ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይከፍላል። ልብ በሉ። የሰው ከብት ወይም ብር ለጠፋበት ሰው ማስረጃ ለማግኘት ልጅ ይመረዝ ነበር። የልጁን ጉዳት ለማረጋገጥ ግን ማንም መድኃኒት አልቀመመም።

ሦስተኛው መሐላና ምስክር ነው። ወሎ ውስጥ ቤተ ክርስቲያኑም መስጊዱም ጎን ለጎን ያሉ ናቸው፤ በሁለቱም ወግ የነገር ማጽኛ ቢያንስ ሁለት ምስክር ነው። ምስክሩም አዋቂ፣ ልቡና ያለው፣ የታመነ ሰው መሆን አለበት። ለመሬት ድንበርና ለብድር ይህ ጥሩ ሥርዓት ነበር። በዝግ በር ጀርባ ለሚሆን ነገር ግን ሁለት አዋቂ ምስክር ከየት ይመጣል? ካሉም ብዙውን ጊዜ ሁለቱ ምስክሮች ራሳቸው ተጠርጣሪዎቹ ናቸው።

ከዚህ የሚብስ ደግሞ አለ። አውጫጭኝ የሚጠራው ጥፋት ተፈጸመ ሲባል ነው። ልጅ መምታት ግን ጥፋት አልነበረም፤ ማሳደግ ነበር። «ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል» እየተባለ ያደግን ሁላችን እናውቀዋለን። ቁንጥጫው፣ አለንጋው፣ በርበሬ ማጠኑ ስም ያላቸው፣ በቡና ላይ እየተሳቀ የሚወሩ ነገሮች ናቸው። ማስረጃ የሚፈለገው ጥያቄ ሲኖር ነው። እዚህ ጥያቄው ራሱ አልተወለደም ነበር።

ሕጉ ምን አለ?

ዘመናዊው ሕግ ሲመጣ ነገሩን በአንድ ጊዜ አልገለበጠውም። በስዊዘርላንዳዊው ዣን ግራቨን አርቃቂነት የወጣው የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ ጥፋት ላጠፉ ወንዶች ልጆች እስከ 12 የሚደርስ የአርጩሜ ቅጣት ዳኛ እንዲያዝ ይፈቅድ ነበር። መንግሥት ራሱ አርጩሜ ይዞ ወላጅን «ለምን መታህ?» ሊል አይችልም። በፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ የተረቀቀው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም በአንቀጽ 2039፣ ሰው ልጁን፣ በሞግዚትነት የያዘውን፣ ተማሪውን ወይም አገልጋዩን በመጠኑ ቢቀጣ ጥፋት እንደማይሆንበት ጻፈ።

«በመጠኑ» የምትለዋን ቃል ያዙልን። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የፍርድ ቤቱ ጥያቄ «መታው ወይ?» መሆኑ ቀርቶ «ከመጠን አለፈ ወይ?» ሆነ። መጠኑን የሚለካው ደግሞ ራሱም ተመቶ ያደገ ዳኛ ነው።

ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የሕፃናት መብቶች ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1991 ተቀበለች። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ለሕፃናት ብቻ የተሰጠ አንቀጽ ሆነ፤ ሕፃናትን በሚመለከት እርምጃ ሁሉ የሕፃኑ ጥቅም በቀዳሚነት እንዲታሰብም አዘዘ። ይኸው አንቀጽ ልጅን ከአካል ቅጣት ነጻ የሚያደርገው ግን «በትምህርት ቤቶች» እና ሕፃናት በሚያድጉባቸው ተቋማት ነው። ቤት አልተጠቀሰም። በሩ አሁንም ዝግ ነው።

በ1992 የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግና በ1995 የወጣው የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 79) ተከተሉ። የፌዴራሉ ሕግ የቀድሞውን «ቀላል የአካል ቅጣት» የሚል ፈቃድ አውጥቶ በምትኩ «አስፈላጊ የሥነ ሥርዓት እርምጃ» የሚል አሳብ አስገባ። በግንቦት 1997 ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 576 ልጅን ማጎሳቆልን፣ መበደልን፣ ከአቅሙ በላይ ማሠራትንና መደብደብን ወንጀል አደረገ። ቅጣቱ እስከ ሦስት ወር ቀላል እስራት ነው፤ ከባድ ጉዳት ከደረሰ ከአንድ ዓመት የማያንስ ሆኖ የቤተሰብ መብትም ይሻራል። በንዑስ አንቀጽ 3 ላይ ግን ለመልካም አስተዳደግ ሲባል የሚወሰድና ከሕግ የማይቃረን የሥነ ሥርዓት እርምጃ በዚህ ድንጋጌ እንደማያስቀጣ ይናገራል። «በመጠኑ» በሌላ በር ተመልሳ ገባች።

አጥንት ሲናገር

ታዲያ ምስክር ከሌለ ምን ይናገር? የሌላው ዓለም መልስ «ገላው ይናገር» የሚል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1860 ፓሪስ ላይ አምብሯዝ ታርዲዩ የሚባል የፎረንሲክ ሐኪም የተጎሳቆሉ 32 ልጆችን ጉዳይ አሳተመ፤ 18ቱ ሞተዋል። ብዙ ሰው አልሰማውም። በ1946 አሜሪካዊው የራጅ ሐኪም ጆን ካፊ በራሳቸው ቅል ውስጥ ደም የፈሰሰባቸው ስድስት ሕፃናት በድምሩ 23 የእጅና የእግር ስብራት እንዳለባቸው አየ። ስብራቶቹን የሚያስረዳ የአደጋ ታሪክ ከወላጆች አልመጣም። ካፊ ያኔ «ወላጅ ነው» ብሎ በግልጽ አልጻፈም፤ ዘመኑ ያንን ለማመን ገና ነበር።

በ1962 ሄንሪ ኬምፕና ባልደረቦቹ ይህንን በይፋ ተናገሩ። በአንድ ዓመት ውስጥ ከ71 ሆስፒታሎች የተሰበሰቡ 302 ጉዳዮች፤ 33 ልጆች ሞተዋል፣ 85 ዘላቂ የአንጎል ጉዳት ደርሶባቸዋል። የኬምፕ ቁም ነገር ቀላል ነው፦ የተነገረው ታሪክና የታየው ጉዳት ይጣጣማሉ ወይ? በየጊዜው የደረሱ፣ በተለያየ የመዳን ደረጃ ላይ ያሉ ስብራቶች በአንድ ልጅ ላይ ካሉ አንድ ቀን መውደቅ አያስረዳቸውም። ገና ያልዳኸ ሕፃን ራሱን እምብዛም አያበልዝም። የፈላ ውኃ ሲደፋበት የተንጠባጠበ ቅርጽ ይተዋል፤ ውኃ ውስጥ የተነከረ እግር ግን እንደ ካልሲ ጥርት ያለ መስመር ይኖረዋል።

እዚህ ድረስ ደስ ይላል። ግን ታሪኩ አላለቀም። በ1971 እንግሊዛዊው የአንጎል ቀዶ ሐኪም ኖርማን ጋትኬልች፣ የሕፃን ጭንቅላት ሳይመታ በኃይል በመነቅነቅ ብቻ ሊደማ እንደሚችል ጻፈ። ይህ አሳብ አድጎ ብዙ ሰው ያሳሰረ ምርመራ ሆነ፤ ጋትኬልች ራሱ በእርጅናው ዘመን አሳቡ ከልክ በላይ ተለጥጧል ብሎ ተጨነቀ። እንግሊዝ ውስጥ በ1999 ሳሊ ክላርክ የተባለች እናት ሁለት ሕፃናቷን ገድላለች ተብላ ተፈረደባት። አንድ ዝነኛ የሕፃናት ሐኪም ሁለት ሕፃናት በተፈጥሮ ድንገት የመሞታቸው ዕድል ከ73 ሚሊዮን አንድ ነው ብሎ ለፍርድ ቤት ተናግሮ ነበር። ስሌቱ ስህተት ነበር፤ ለተከሳሿ ያልተሰጠ የላቦራቶሪ ውጤትም ተገኘና በ2003 ተፈታች። ሐኪም ሲናገር ዳኛ ዝም ብሎ ከሰማ፣ ሐኪሙ አዲሱ ሌባሻይ ይሆናል።

የእኛ አገር አጥንት

አሁን ወደ ሀብሩ እንመለስ። ከዴንቨርና ከለንደን የመጣውን መመሪያ እንዳለ ብናወርደው ምን ይገጥመናል?

አንደኛ፣ ሪኬትስ። ከፀሐይ ተሸሽገው የሚያድጉ ሕፃናት አጥንታቸው ይለፈሰፈሳል። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ፣ በአዲስ አበባው የኢትዮ-ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል የተደረገ ጥናት የሳንባ ምች ካለባቸው 500 ሕፃናት 210ሩ ሪኬትስ እንዳለባቸው አገኘ፤ ምች ከሌለባቸው ሌሎች 500 ደግሞ 20ዎቹ። የለፈሰፈሰ አጥንት በትንሽ ነገር ይሰበራል። ስለዚህ የዚያ የስምንት ወር ልጅ ጭን ስብራት ላይ ከመፍረዳችን በፊት አጥንቱ ጤነኛ እንደነበር መጠየቅ አለብን።

ሁለተኛ፣ ባህላዊ ሕክምናው። ዋግምት፣ ብጥ፣ በጋለ ብረት መተኮስ በልጅ ገላ ላይ ጠባሳ ይተዋሉ። ጠባሳው ለማያውቅ ሐኪም ሥቃይ ይመስላል፤ የተደረገው ግን ልጁን ለማዳን ነው። በተቃራኒውም የእውነት የተቃጠለ ልጅ «ለሕመሙ ተተኩሶ ነው» ተብሎ ሊሸፈን ይችላል።

ሦስተኛ፣ ወጌሻ። ስብራቱ መጀመሪያ የሚሄደው ወጌሻ ዘንድ ነው። ሆስፒታል ሲደርስ ሳምንታት አልፈዋል። መዘግየት በውጭው መጽሐፍ ላይ የጥርጣሬ ምልክት ነው፤ እኛ ዘንድ ግን የትራንስፖርት፣ የገንዘብና የልማድ ጉዳይም ነው። ጎበዟ እናት በወጌሻ በኩል ዞራ ስለመጣች ብቻ ወንጀለኛ አትሆንም።

አራተኛው ደግሞ የሚያስፈራው ነው። በርበሬ የታጠነ ልጅ ስብራት የለውም። የራበው፣ ሌሊት ውጭ ያደረ፣ ሲሰደብ የዋለ ልጅ ኤክስሬይ ላይ አይታይም። አጥንት የሚናገረው ለተሰበረ ልጅ ብቻ ነው።

ሐና

ማስረጃ በጣም በሰለጠነ አገር እንኳ እንዴት እንደሚያስቸግር የሚያሳይ አንድ የእኛ ታሪክ አለ። ሐና ዓለሙ እ.ኤ.አ. በ2008 ከኢትዮጵያ በጉዲፈቻ ወደ አሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ተወሰደች። በግንቦት 2011 በአሳዳጊዎቿ ጓሮ ውስጥ በብርድ ሞተች፤ ሰውነቷ በምግብ እጥረት ከስቶ ነበር። አሳዳጊዎቿ ያደረጉት ነገር በእነሱ ቤት «ሥነ ሥርዓት ማስያዝ» ይባል ነበር።

ክርክሩ የቆመበት አንድ ነገር ዕድሜዋ ነበር። በዚያ ግዛት «በማጎሳቆል መግደል» የሚለው ክስ ሟቹ ከ16 ዓመት በታች መሆኑን ይጠይቃል። የሐና የልደት መዝገብ የለም። ጥርሷና አጥንቷ እንዲመረመር አስከሬኗ በ2013 ከመቃብር ወጣ። ጥርስና አጥንት ግን ዓመትን በግምት እንጂ በቀን አይናገሩም። አብሯት በጉዲፈቻ የሄደው መስማት የተሳነው ልጅ በምልክት ቋንቋ መሰከረ። አሳዳጊዋ እናት በማጎሳቆል በመግደል ጥፋተኛ ተብላ ወደ 37 ዓመት ተፈረደባት። አሳዳጊው አባት ግን በዚያ ክስ ላይ ዳኞቹ ስላልተስማሙ በሌላ የግድያ ክስ ወደ 28 ዓመት ገባ።

ኢትዮጵያ በ2010 ዓ.ም. የውጭ አገር ጉዲፈቻን በአዋጅ ቁጥር 1070 ከለከለች። ደስ ብሎን አጨበጨብን። ከጭብጨባው በኋላ ግን አንድ ጥያቄ ቀረ፦ የእነሱን በር ዘጋን፤ የእኛን በርስ ማን ይከፍታል? የሐናን ዕድሜ ያሳጣን የልደት ምዝገባ እጦት ሀብሩም ውስጥ አለ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ በ2004 ወጥቶ ሥራ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው፤ በዚያው ዓመት በተደረገው የሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ልጆች ልደታቸው የተመዘገበው 3 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ።

ሁለት በሮች

በእኛ ሥርዓት የተጎዳ ልጅ ጉዳይ በሁለት በር ሊገባ ይችላል። አንዱ የወንጀል በር ነው፤ ፖሊስ፣ ዐቃቤ ሕግ፣ «ከጥርጣሬ በላይ» የሚል ከባድ ሸክም። ሌላው የቤተሰብ ችሎት በር ነው፤ ወላጅ ሲፋታ ወይም ዘመድ ሲያመለክት፣ ልጁ ከማን ጋር ይኑር የሚለው ጥያቄ። እዚህ የሚፈለገው ሚዛን የሚደፋ ማስረጃ ነው። እንግሊዞችም የጌቶች ምክር ቤታቸው በ2008 እ.ኤ.አ. በሰጠው ውሳኔ፣ ልጅን ስለመጠበቅ ሲከራከሩ የሚበቃው «ከአለመሆኑ ይልቅ መሆኑ የሚያመዝን» የሚለው ብቻ ነው፣ ከዚያ በላይ አይጠየቅም ብለዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የቤተሰብ ችሎት ልጅን ይጠብቃል እንጂ ማንንም አያስርም።

የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት በ2000 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 23632 የሰጠው ውሳኔ ለዚህ በር ትልቅ ቁልፍ ነው። ለዓመታት ልጁን ዞር ብሎ ያላየ አባት ሞግዚትነት ሲጠይቅ፣ ሰበር ችሎቱ ሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36ንና የሕፃናት መብቶች ስምምነትን ጠቅሶ ከአባትነት የልጁ ጥቅም ይቀድማል አለ። የሰበር ትርጉም የበታች ፍርድ ቤቶችን ስለሚያስገድድ፣ መርሳ ላይ ያለ የወረዳ ዳኛም ወልድያ ላይ ያለ የከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛም ሊጠቀምበት ይችላል።

ግን ብዙው ነገር እዚያ አይደርስም። በወሎ ነገር የሚያልቀው በሽማግሌና በአበጋር ነው፤ የሃይማኖት ፍርድ ቤትም አለ። ይህን አንንቅም። ደም ያደረቀ፣ መንደር ያስታረቀ ሥርዓት ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 የቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ እንዲዳኝ ይፈቅዳል፤ «በተከራካሪዎቹ ፈቃድ» ብሎ። የእኛ ጥያቄ ይህቺ ናት፦ የተሰበረው የስምንት ወር ልጅ ፈቃዱን መቼ ሰጠ? ባልና ሚስት ሲታረቁ ሽማግሌ ይመርቃል፣ ቡና ይፈላል፣ ልጁ ከታረቁት ሰዎች ጋር ወደ ቤት ይገባል። ዕርቁ የሁለት ሰዎች ነው፤ ስብራቱ የሦስተኛው።

ላይኛው ጦርነትም የበኩሉን ጨምሯል። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ወልድያና አካባቢዋ በሕወሓት ኃይሎች ቁጥጥር ስር በነበሩበት ጊዜ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል። ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የተነሳው ግጭትም መንገዱን በየጊዜው ዘግቶታል። ኤክስሬይ ከሌለ፣ መኪና ካልሄደ፣ ችሎት ካልተቀመጠ፣ ስለ ማስረጃ የምናወራው ሁሉ ወረቀት ነው።

እና ምን ይሁን?

እኛ ሐኪምም ዳኛም አይደለንም። ከዚህ ሁሉ ንባብ ግን የተረዳነው ነገር አለ። ያልታየን ነገር የሚያረጋግጥ አንድ ተአምረኛ ማስረጃ የለም፤ ሌባሻይም፣ ኤክስሬይም አይደለም። ያለው ትንንሽ ነገሮችን በጊዜው መጻፍ ነው። ጤና መኮንኑ እናቲቱ ያለችውን በራሷ ቃል፣ በዚያው ቀን፣ ከነሰዓቱ ቢጽፈው ከሳምንት በኋላ ታሪኩ መለወጥ አለመለወጡ ይታወቃል። «የሰውነት ጉዳት ደርሶበታል» ብሎ ማኅተም ከመምታት፣ ቁስሉ የት እንዳለ፣ ስንት እንደሆነ፣ ምን ቅርጽ እንዳለው ቢሥል ዳኛው የሚያነበው ነገር ያገኛል። ዳኛውም የሐኪሙን ወረቀት ተቀብሎ ከማለፍ ጠርቶ «ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ሪኬትስስ?» ብሎ ቢጠይቀው፣ የእኛ ሳሊ ክላርክም የእኛ ሐናም ዕድል ይኖራቸዋል።

ጎረቤትስ? የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 443 የማሳወቅ ግዴታ የጣለው ሞት ወይም የዕድሜ ልክ ጽኑ እስራት ለሚያስቀጣ ወንጀል ነው። ልጅ መደብደብ እዚያ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ግድግዳ የሚጋራን ቤት ውስጥ ሌሊት የሚሰማ ለቅሶ በሕግ ሳይሆን በኅሊና የተጣለ ዕዳ ነው። በተለይ ከገጠር ለትምህርት ወይም ለሥራ መጥተው መርሳና ወልድያ ዘመድ ቤት የሚያድሩ ልጆች፤ እነሱን ጤና ጣቢያ የሚወስድ እናት እንኳ አጠገባቸው የለችም።

አያቶቻችን ከብት ሲጠፋ አገር ሙሉ ሜዳ ላይ ተቀምጦ «አላየሁም» ብሎ ለመሄድ አይፈቀድለትም ነበር። እኛ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ በስስ ግድግዳ ተለያይተን፣ ሁሉን እየሰማን «የሰው ገመና ነው» እንላለን። ለጠፋ በሬ የተጠራው አውጫጭኝ ለልጅ የሚጠራው መቼ ነው?